የክሬዲት ካርድ ዕዳ በሰብሳቢ እጅ ሲገባ፦ በአሜሪካ ካሉት መንገዶች የትኛው ለማን ይስማማል?

በአሜሪካ የክሬዲት ካርድ ክፍያ ያቋረጠ ሰው፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ስሙን ሰምቶት ከማያውቅ ድርጅት ስልክና ደብዳቤ መምጣት ሲጀምር፣ ከወዳጅ ዘመዶቹ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ምክር ይሰማል። አንዱ «ዝም በላቸው፣ ሰባት ዓመት ሲሞላው ከክሬዲትህ ላይ ይነሣል» የሚል ነው፤ ሌላው ደግሞ «ደውለህ ተደራደርና በግማሽ ዝጋው» የሚል። ሁለቱም ምክሮች ለአንዳንዱ ሰው የሚሠሩ፣ ለሌላው ግን ደመወዙን ወይም የባንክ ሒሳቡን የሚያስይዙ ናቸው። ልዩነቱ የሚመጣው ከአራት ነገሮች ነው፦ ዕዳው ዛሬ የማን ነው፣ ስንት ዓመት ሆኖታል፣ ክስ ተመሥርቷል ወይ፣ ቢፈረድበትስ ከባለዕዳው ምን ሊወሰድ ይችላል። የሚከተለው ንጽጽር መነሻው እነዚህ አራት ጥያቄዎች ናቸው። ሕጉ ከግዛት ግዛት ስለሚለያይ ምሳሌዎቹ በአብዛኛው አማርኛ ተናጋሪዎች በብዛት ከሚኖሩባቸው ከዋሽንግተን ዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ፣ አልፎ አልፎም ከቴክሳስ፣ ከካሊፎርኒያና ከሚኒሶታ የተወሰዱ ናቸው።

ዕዳው የማን ነው፣ ዕድሜውስ?

የፌዴራል ተቆጣጣሪዎች ባወጡት መመሪያ መሠረት ባንኮች ክፍያው 180 ቀን የዘገየበትን የክሬዲት ካርድ ሒሳብ እንደ ኪሳራ መዝግበው ከመጽሐፋቸው ያወጡታል። በክሬዲት ሪፖርት ላይ «ቻርጅ ኦፍ» ተብሎ የሚታየው ይህ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ዕዳው የተማረለት ይመስለዋል፤ ነገር ግን የባንኩ የሒሳብ አያያዝ ተለወጠ እንጂ ዕዳው እንዳለ ነው። ከዚያ በኋላ ባንኩ ዕዳውን በባለቤትነት ይዞ ሰብሳቢ ድርጅት ወይም የሕግ ቢሮ በኮሚሽን ያሠማራል፣ አለዚያም ለዕዳ ገዥ ኩባንያ ፈጽሞ ይሸጠዋል። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2013 ባወጣው ጥናት ዕዳ ገዥዎች ለእያንዳንዱ የዕዳ ዶላር በአማካይ 4 ሳንቲም ያህል ብቻ ከፍለው እንደሚገዙ ገልጿል። ይህ አኃዝ አማካይ መሆኑ መረሳት የለበትም፤ ቢሆንም ዕዳውን የገዛው ኩባንያ ከባንኩ ይልቅ ሰፊ የመደራደሪያ ቦታ ያለው ለምን እንደሆነ ያስረዳል። በሌላ በኩል ገዥው የሚገዛው ብዙውን ጊዜ ስምና ቁጥር የሰፈረበትን የኮምፒውተር ዝርዝር ስለሆነ፣ የመጀመሪያውን ውልና የወር መግለጫዎቹን አቅርብ ሲባል ሊቸገር ይችላል። ይህም በኋላ በፍርድ ቤት ትልቅ ዋጋ አለው።

ከዕድሜ አንጻር ሁለት የጊዜ ቆጠራዎች አሉ፤ በማኅበራችን ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚምታቱትም እነዚህ ናቸው። የመጀመሪያው የክሬዲት ሪፖርት ጊዜ ነው፤ ክፍያው መጀመሪያ ከተቋረጠበት ጊዜ አንሥቶ 7 ዓመት ያህል ቆይቶ መረጃው ይነሣል፣ ዕዳው ሦስት ጊዜ ቢሸጥም ይህ ቆጠራ እንደገና አይጀምርም። ሁለተኛው ይርጋ ነው፤ ማለትም አበዳሪው ክስ ማቅረብ የሚችልበት የጊዜ ገደብ። ይርጋው በዲሲና በሜሪላንድ 3 ዓመት፣ በካሊፎርኒያና በቴክሳስ 4 ዓመት፣ በሚኒሶታ 6 ዓመት ሲሆን፣ በቨርጂኒያ ውሉ በጽሑፍ የተፈረመ ከሆነ 5፣ ካልሆነ 3 ዓመት ነው። ስለዚህ የሁለት ዓመት ዕዳ ያለበት ሰው «ሰባት ዓመት እስኪሞላው» ብሎ ሲጠብቅ፣ ክስ ሊመሠረትበት በሚችልበት ጊዜ መሀል ተቀምጧል ማለት ነው። የአምስት ዓመት ዕዳ ያለበት የሜሪላንድ ነዋሪ ግን የክሱ ጊዜ ያለፈለት ሆኖ፣ በሪፖርቱ ላይ ብቻ ለጥቂት ጊዜ ይታይበታል። በብዙ ግዛቶች ትንሽ ክፍያ መክፈል ወይም ዕዳውን በጽሑፍ ማመን ይርጋውን ከዜሮ ያስጀምረዋል። ሰብሳቢው «ለቅን ልቦናህ ምልክት 20 ዶላር ብቻ ላክ» ሲል መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ከሁሉ በፊት፦ ማስረጃ መጠየቅ

የትኛውም መንገድ ከመመረጡ በፊት መደረግ ያለበት አንድ ነገር አለ፤ ይህን ዘልሎ ወደ ድርድር መግባት በየትኛውም ሁኔታ አይመከርም። በ1977 የወጣው የፌዴራል የዕዳ አሰባሰብ ሕግና ከኅዳር 2021 መጨረሻ ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው «ሬጉሌሽን ኤፍ» የተባለው ደንብ፣ ሰብሳቢው ባለዕዳውን መጀመሪያ ባነጋገረ በ5 ቀን ውስጥ የዕዳውን ዝርዝር፣ ማለትም የመጀመሪያውን አበዳሪ ስም፣ የገንዘቡን መጠንና የተጨመረውን ወለድና ክፍያ የያዘ ማስታወቂያ እንዲሰጥ ያስገድዳሉ። ባለዕዳው ይህን ከተቀበለ በ30 ቀን ውስጥ ዕዳውን እንደማይቀበል ወይም ማስረጃ እንደሚፈልግ በጽሑፍ ካሳወቀ፣ ሰብሳቢው ማስረጃውን እስኪልክ ድረስ የመሰብሰብ ሥራውን ማቆም ይኖርበታል። በስልክ መናገር ይህን መብት አያስከብርም። ደብዳቤው በሰርቲፋይድ ሜይል፣ መድረሱን ከሚያረጋግጥ ካርድ ጋር ቢላክ፣ ቅጂውም ቢቀመጥ ይመረጣል። በደብዳቤው ላይ «ዕዳዬ ነው፣ ግን አሁን አልችልም» ዓይነት አረፍተ ነገር ፈጽሞ መግባት የለበትም።

ማስረጃ የመጠየቅ ጥቅም አጭበርባሪን መለየትም ጭምር ነው። «ዛሬ ካልከፈልክ ፖሊስ ይመጣል»፣ «የኢሚግሬሽን ጉዳይህ ይበላሻል»፣ «በጊፍት ካርድ ክፈል» የሚል ደዋይ ወይ ሕግ እየጣሰ ያለ ሰብሳቢ ነው፣ ወይ ጭራሹን ሰብሳቢ አይደለም። የክሬዲት ካርድ ዕዳ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ስለሆነ ዕዳውን አለመክፈል ብቻውን አያሳስርም፣ ከአገርም አያስባርርም። ለእስራት የሚያበቃው ፍርድ ቤት ራሱ ቀርበህ አስረዳ ብሎ በጠራው ቀን ያለ ምክንያት መቅረት ነው፤ ይህ ደግሞ ከዕዳው የተለየ ጥፋት ነው። ሰብሳቢ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ መደወል አይችልም። ስለ አንድ ዕዳ በ7 ቀን ውስጥ ከ7 ጊዜ በላይ ከደወለ እንደ ማዋከብ ይገመታል። ለእኅት፣ ለጎረቤት ወይም ለአሠሪ ደውሎ አድራሻ ሊጠይቅ ቢችልም ዕዳ መኖሩን መናገር ግን ተከልክሏል፤ ስለ ዕዳው ሊያነጋግር የሚችለው የትዳር ጓደኛን ነው። ይህን የጣሰ ሰብሳቢ በአንድ ዓመት ውስጥ ከተከሰሰ ከደረሰው ጉዳት ካሳ በተጨማሪ እስከ 1,000 ዶላር ሊከፍል ይችላል፣ የጠበቃውንም ወጪ ይሸፍናል። ሕጉ በዋነኝነት የሚመለከተው ሦስተኛ ወገን ሰብሳቢዎችን እንጂ የራሱን ገንዘብ የሚጠይቀውን ባንክ እንዳልሆነ ግን ልብ ይሏል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ማንሣት ያስፈልጋል። አዲስ ለመጣ ወንድም ወይም እኅት ክሬዲት እንዲገነባ ተብሎ በራስ ካርድ ላይ ስሙን ማስገባት በመካከላችን የተለመደ ነው። እንዲህ «ኦቶራይዝድ ዩዘር» ሆኖ የገባ ሰው ውሉን ስላልፈረመ በአብዛኛው ለዕዳው ተጠያቂ አይደለም። ሰብሳቢው የሚጠይቀው እንዲህ ያለውን ሰው ከሆነ፣ ክርክሩ ስለ ዋጋ መሆኑ ይቀርና «ዕዳው የእኔ አይደለም» የሚል ይሆናል።

ዝም ማለትና ግንኙነት ማስቆም

ዝምታ ብዙዎች ሳያስቡበት የሚገቡበት መንገድ ነው፤ ሆኖም አስቦ ለሚመርጠው ሰው ትክክለኛ የሚሆንበት ሁኔታ አለ። ኤስ ኤስ አይ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አዛውንትና አካል ጉዳተኞች የሚሰጠው የመንግሥት ድጎማ) ወይም የጡረታ ሶሻል ሴኩሪቲ ብቻ የሚያገኙ፣ ቤትም ቁጠባም የሌላቸው አዛውንት ወላጅ ዋናው ምሳሌ ናቸው። ይህ ገቢ ከግል አበዳሪ የተጠበቀ ነው፤ በቀጥታ ወደ ባንክ የሚገባ ከሆነም፣ የዕገዳ ትእዛዝ ሲመጣ ባንኩ ያለፉትን ሁለት ወራት ገቢ ሳይነካ እንዲተው ይገደዳል። ለእንዲህ ያሉ ሰው ልጆች ተሰባስበው የእናታቸውን ዕዳ ለመዝጋት ከሚበደሩ፣ «ከእንግዲህ አታነጋግሩኝ» የሚል ደብዳቤ ለሰብሳቢው መጻፍ ይበቃል። ሰብሳቢው ደብዳቤው ሲደርሰው፣ ማቆሙን ወይም የሚወስደውን ሕጋዊ እርምጃ ከማሳወቅ በቀር ማነጋገር አይችልም። ልጆች ስለ ወላጅ ዕዳ በሕግ አይጠየቁም፤ ይሉኝታ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ሰብሳቢውም ይህን ይሉኝታ አሳምሮ ያውቀዋል።

ይርጋው ያለፈበት ዕዳ ያለበት ሰውም ለዝምታ ይቀርባል፤ ሬጉሌሽን ኤፍ ሰብሳቢ ይርጋ ባለፈበት ዕዳ እንዳይከስና እከሳለሁ ብሎም እንዳያስፈራራ ይከለክላልና። ይህን ክልከላ ጥሶ ከከሰሰ ግን፣ ይርጋ የሚጠቅመው ተከሳሹ ቀርቦ ሲያነሣው ነው።

ደመወዝተኛው በተቃራኒው ጫፍ ላይ ነው። ከተፈረደበት በኋላ በፌዴራል ሕግ በሳምንት ከግብርና ከግዴታ ተቀናሾች በኋላ ከሚደርሰው ገንዘብ እስከ 25 በመቶ ሊቆረጥበት ይችላል። ለምሳሌ 900 ዶላር የሚደርሰው ሰው 225 ዶላር በየሳምንቱ ያጣል። በሳምንት 217 ዶላር ከ50 ሳንቲም ወይም ከዚያ በታች የሚደርሰው ሰው አይነካም። ቴክሳስ ለእንዲህ ያለ ዕዳ ደመወዝ መቁረጥን ፈጽሞ ትከለክላለች፤ ሆኖም እዚያም ቢሆን የባንክ ሒሳብ ይታገዳል። ታክሲ፣ ኡበር ወይም የጭነት መኪና በግሉ የሚነዳ ሰው «ደመወዝ የለኝም፣ ምን ይወስዱብኛል» ሲል ይደመጣል። የዚህ ሰው አደጋ የሚመጣው በባንኩ በኩል ነው፤ የሳምንቱ ገቢ ሒሳቡ ውስጥ ባለበት ቀን ዕገዳው ከደረሰ፣ የ25 በመቶው ጥበቃ ለደመወዝ የተደነገገ በመሆኑ ሙሉው ሊያዝ ይችላል። ከዚህም የከፋው የዕቁብ ሰብሳቢ ጉዳይ ነው። የሠላሳ ሰው ገንዘብ በራሱ ስም ባለ ሒሳብ የሚያስቀምጥ ሰው ሒሳቡ በግል ዕዳው ሲታገድ፣ የሌሎቹ ገንዘብ መሆኑን ቀርቦ የማስረዳት ሸክም የሚወድቀው በእሱ ላይ ነው፣ የዕቁቡ ቀን ደግሞ አይጠብቅም። የቆየ ዕዳ ያለበት ሰው የዕቁብም ሆነ የዕድር ገንዘብ በስሙ ባይይዝ መልካም ነው፤ ከወላጅ ጋር የጋራ የሆነ ሒሳብም በተመሳሳይ ምክንያት ያሠጋል።

መጥሪያ ከመጣ

መጥሪያ የደረሰው ሰው የዝምታ አማራጭ የለውም፤ ከላይ የተጠቀሱት አዛውንት እንኳ ገቢያቸው የተጠበቀ መሆኑን ቢያስመዘግቡ ይሻላቸዋል። ፒው የተባለው የምርምር ተቋም በ2020 ባሳተመው ዘገባ ውጤታቸው ከታወቁት የዕዳ ክሶች ውስጥ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት ተከሳሹ ባለመቅረቡ ወይም መልስ ባለመስጠቱ ለከሳሽ የተፈረዱ መሆናቸውን ገልጿል። የዕዳ ገዥዎች ንግድ የቆመው በዚህ ላይ ነው ማለት ማጋነን አይሆንም፤ ማስረጃው ሳይመረመር ፍርድ ይገኛል፣ ፍርዱም በሜሪላንድ ለ12 ዓመት ጸንቶ ሊታደስም ይችላል። ያኔ ይርጋውም፣ ማስረጃ የመጠየቅ መብቱም አብረው ያከትማሉ።

የመልስ ጊዜው አጭር ነው። በሜሪላንድ የዲስትሪክት ፍርድ ቤት ተከሳሹ መጥሪያው ከደረሰው በ15 ቀን ውስጥ ለመከላከል ማሰቡን የሚገልጸውን ቅጽ ይመልሳል፤ በቴክሳስ የጀስቲስ ፍርድ ቤት 14 ቀን፣ በካሊፎርኒያ 30 ቀን ይሰጠዋል። በቨርጂኒያ የሚደርሰው ወረቀት «ዋረንት ኢን ዴት» የሚል ርእስ ስላለው ብዙዎችን ያስደነግጣል፤ የእስር ማዘዣ አይደለም፤ በተጻፈው ቀን ቀርቦ ዕዳውን እንደሚቃወም ለዳኛው መናገርን ይጠይቃል፣ ዳኛውም የክርክር ቀን ይቀጥራል። በሦስቱም የአካባቢው ፍርድ ቤቶች፣ ማለትም በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ የአማርኛ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ይገኛል፤ አስቀድሞ ማሳወቅ ግን ያስፈልጋል። ልጅን ወይም ጓደኛን አስተርጓሚ አድርጎ ይዞ መሄድ አይመከርም።

መልሱ ረጅም መሆን የለበትም። ገዥው ኩባንያ ዕዳውን ከባንኩ ጀምሮ በእያንዳንዱ ሽያጭ እንዴት እንደደረሰበት በሰነድ እንዲያሳይ፣ የተጠየቀው መጠን እንዴት እንደተሰላ እንዲያስረዳ፣ ይርጋውም ካለፈ ይርጋው እንዲመዘገብ ማድረግ ዋናው ነገር ነው። ከሳሹ ባንኩ ራሱ ሲሆን ሰነዱ ብዙውን ጊዜ የተሟላ ነው፤ ያን ጊዜ መልስ መስጠት የሚጠቅመው ለድርድር ጊዜና አቅም ስለሚገዛ ነው። ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው ነፃ የሕግ አገልግሎት ሰጪዎችን መጠየቅ ያለበትም በዚህ ደረጃ ነው፤ ከፍርድ በኋላ የሚሠሩት ነገር በጣም ይጠብባል።

በራስ ተደራድሮ መዝጋት

ዕዳው እውነተኛ ከሆነ፣ ይርጋውም ካላለፈና ባለዕዳው ደመወዝ ወይም ንብረት ካለው፣ በአብዛኛው ቀዳሚ መሆን ያለበት ይህ ነው። ድርድሩ የሚሰምረው በአንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ ላለው ሰው ነው፤ የዕቁብ ዕጣ የወጣለት ወይም የግብር ተመላሽ የደረሰው ሰው ሰብሳቢው ለመስማት ዝግጁ የሆነበትን ቋንቋ ይዟል። 8,000 ዶላር ዕዳ ያለበት ሰው በ40 በመቶ ቢስማማ 3,200 ዶላር ከፍሎ ይዘጋል። ቀሪው 4,800 ዶላር ግን እንዲያው አይጠፋም፤ 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ምሕረት ሲደረግ አበዳሪው «1099-ሲ» የተባለውን ቅጽ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ይልካል፣ የተማረውም ገንዘብ እንደ ገቢ ይቆጠራል። በ12 በመቶ የግብር ደረጃ ላለ ሰው ይህ 576 ዶላር የፌዴራል ግብር ነው። ምሕረቱ በተደረገበት ጊዜ ጠቅላላ ዕዳው ከጠቅላላ ንብረቱ ይበልጥ የነበረ ሰው «ፎርም 982» ሞልቶ በልዩነቱ ልክ ከግብሩ ነፃ ሊሆን ይችላል፤ ግብር ለሚሠራለት ሰው ይህን መንገር ያለበት ባለዕዳው ነው፣ ሳይነገረው የሚጠይቅ የግብር ሠሪ ብዙ አይገኝም።

ድርድሩን ባለዕዳው ሊከፍል ካሰበው ዝቅ ብሎ ይጀምራል፤ ገዥው ኩባንያ ከባንኩ ይልቅ፣ የቆየ ዕዳ ከአዲሱ ይልቅ ዝቅ ይላል። ሰብሳቢው «ቅናሹ እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነው» ሲል ብዙውን ጊዜ በሚቀጥለው ወርም ያው ወይም የተሻለ ይኖራል፤ ሆኖም ክስ እየቀረበ እንደሆነ የሚያሳይ ምልክት ካለ ይህን ጨዋታ ማራዘም አደጋ አለው። ስምምነቱ መጠኑን፣ የሒሳቡን ቁጥርና ክፍያው ሲፈጸም ቀሪው ሙሉ በሙሉ እንደተዘጋ የሚገልጽ ሆኖ በጽሑፍ ሳይመጣ አንድ ዶላር መላክ አይገባም። ደመወዝ ከሚገባበት ሒሳብ ራሱ እንዲቆርጥ ለሰብሳቢ ፈቃድ ከመስጠት በባንክ ቼክ መክፈል ይሻላል።

ክሬዲትን በተመለከተ ከዚህ መንገድ ብዙ መጠበቅ አይገባም። እንደ ፋይኮ 9 ያሉ አዳዲስ የክሬዲት ውጤት (ስኮር) ስሌቶች የተከፈለ ኮሌክሽንን፣ ማለትም ወደ ሰብሳቢ የተላለፈን ዕዳ፣ ወደ ጎን ሲተዉ፣ በስፋት የሚሠራበት ፋይኮ 8 ግን በተከፈለና ባልተከፈለ መካከል ያን ያህል አይለይም። ለመዝጋት የሚያበቃው ትክክለኛ ምክንያት ክስን ማስቀረት ወይም ቤት ለመግዛት ሲታሰብ የብድር ሰጪውን ጥያቄ መመለስ ነው፤ «ስኮሬ ወዲያው ይወጣል» በሚል ተስፋ ብቻ የከፈለ ሰው ሊያዝን ይችላል።

የምክር ድርጅትና የሰትልመንት ኩባንያ

እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ያስፈለገው በማስታወቂያቸው ስለሚመሳሰሉ ነው፤ በአሠራር ግን እጅግ ይራራቃሉ። ለትርፍ ያልቆሙት የክሬዲት ምክር ድርጅቶች፣ ብዙዎቹ በ1951 በተመሠረተው ብሔራዊ የክሬዲት ምክር ፋውንዴሽን ሥር ያሉ፣ ከባንኮቹ ጋር በመነጋገር ወለዱን አስቀንሰው ዋናው ዕዳ ሙሉ በሙሉ ከ3 እስከ 5 ዓመት ውስጥ እንዲከፈል ያደርጋሉ። 8,000 ዶላር በ8 በመቶ ወለድ በ4 ዓመት ቢከፈል በወር 195 ዶላር ገደማ ይሆናል፣ በዚያ ላይ አነስተኛ ወርኃዊ የአገልግሎት ክፍያ አለ። ቅናሽ የለውም፤ ነገር ግን የምሕረት ግብር የለም፣ ሒሳቡም ወደ ሰብሳቢ ሳይደርስ ይድናል። ይህ መንገድ የሚስማማው ገቢው ቋሚ ሆኖ ወለዱ ብቻ ለከበደው፣ ዕዳውም ገና በባንኩ እጅ ላለ ሰው ነው። ቻርጅ ኦፍ ከሆነና ከተሸጠ በኋላ ጥቅሙ በጣም ይቀንሳል።

የሰትልመንት ኩባንያዎች ደግሞ ደንበኛው ለባንክ መክፈሉን እንዲያቆምና ገንዘቡን በተለየ ሒሳብ እንዲያጠራቅም ያደርጋሉ፤ ሲጠራቀም እንደራደርልሃለን ይላሉ። ክፍያቸው ብዙውን ጊዜ ከተመዘገበው ዕዳ ከ15 እስከ 25 በመቶ ነው። ስለዚህ 8,000 ዶላሩ በግማሽ ቢዘጋ እንኳ 4,000 ለአበዳሪው፣ እስከ 2,000 ለኩባንያው፣ በ4,000 ዶላር ምሕረት ላይም ግብር አለ። ጠቅላላው ባለዕዳው ራሱ ደውሎ ሊያገኘው ከሚችለው ውጤት ርቆ ይሄዳል። ገንዘቡ በሚጠራቀምባቸው ረጅም ወራት አበዳሪው ከመክሰስ የሚያግደው ነገር የለም፣ ዕዳው ያልዘገየበት ሰው ደግሞ ሆን ብሎ ክሬዲቱን ያበላሻል። ከ2010 ጀምሮ በስልክ ደንበኛ የሚያፈላልጉ ኩባንያዎች አንድም ዕዳ ሳይዘጉ አስቀድመው ክፍያ መውሰድ በፌዴራል ደንብ ተከልክለዋል፤ ቅድሚያ ክፍል የሚል ካለ እዚያው ላይ መለየት ነው። በእኔ ግምት ይህ መንገድ ከቀረቡት ሁሉ የሚመረጥበት ሁኔታ እጅግ ጥቂት ነው፤ የሚያደርገውን ሥራ በሙሉ አንድ ደብዳቤ መጻፍ የሚችል የቤተ ዘመድ ልጅ ሊያደርገው ይችላል።

ባንክራፕሲ

ከአንድ ካርድ በላይ ለተጠራቀመ፣ ከዓመት ገቢ ጋር ለተቀራረበ ዕዳ ግን ድርድሩ ሁሉ ጊዜ ማባከን ሊሆን ይችላል። በምዕራፍ 7 የፌዴራል የኪሳራ ሥርዓት ማመልከቻው በገባበት ቅጽበት ስልኩም፣ ክሱም፣ የደመወዝ ቆረጣውም ይቆማል፤ በአብዛኛው በአራት ወር ገደማ ውስጥ የክሬዲት ካርዱ ዕዳ ይሰረዛል፣ ግብርም አይጠየቅበትም። የመዝገብ ክፍያው 338 ዶላር ሲሆን ገቢው በጣም ዝቅተኛ ለሆነ ሰው ሊማርለት ይችላል፤ የጠበቃ ክፍያ ለብቻው ነው። ገቢው ከግዛቱ መካከለኛ ገቢ በላይ ሆኖ ለምዕራፍ 7 የማይበቃ ሰው ወይም ቤቱን ለማዳን የሚፈልግ ሰው በምዕራፍ 13 ከ3 እስከ 5 ዓመት የሚከፈል ዕቅድ ያቀርባል። ምዕራፍ 7 በክሬዲት ሪፖርት ላይ 10 ዓመት ይቆያል፤ ቢሆንም ሪፖርቱ አስቀድሞ በቻርጅ ኦፍ የተሞላ ሰው ከዚህ በኋላ የሚያጣው ስኮር ብዙ አይደለም። ለ8,000 ዶላር ብቻ ይህን መብት መጠቀም ብክነት ነው፤ ምክንያቱም ምዕራፍ 7 እንደገና የሚገኘው ከ8 ዓመት በኋላ ነው።

በመካከላችን ያሉ ሰዎችን ባንክራፕሲ ላይ የሚያሰናክሏቸው ሌሎች ነገሮች ናቸው። ማመልከቻው ንብረትን ሁሉ፣ የትም ይሁን የት፣ እንዲዘረዘር ያዛል፤ አዲስ አበባ ያለ ኮንዶሚኒየም፣ በትውልድ ቦታ በስም ያለ ቤት፣ ያልደረሰ የዕቁብ ዕጣ ሁሉ ይገባበታል። መደበቅ ዕዳው እንዳይሰረዝ ከማድረጉም በላይ የወንጀል ጉዳይ ነው። እንደዚሁም ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ለወንድም ወይም ለእኅት የተመለሰ ብድር የኪሳራ ጉዳዩን በሚከታተለው ባለአደራ (ትረስቲ) ሊጠየቅ ይችላል፤ ባለዕዳው «መጀመሪያ የዘመዴን» ብሎ በቅንነት የከፈለው ገንዘብ ዘመዱን በፍርድ ቤት ደብዳቤ ያስጠይቀዋል። መኪናን ወይም ቤትን በሌላ ሰው ስም ማዞርም እንዲሁ ይመረመራል። ስለዚህ ባንክራፕሲን እያሰበ ያለ ሰው ጠበቃ የሚያማክረው ለዘመድ ከመክፈሉና ንብረት ከማዘዋወሩ በፊት መሆን አለበት።

ወደ ኢትዮጵያ ጠቅልሎ መመለስንም እንደ አማራጭ የሚያነሡ አሉ። በእርግጥ ለማይመለስ ሰው፣ አሜሪካ ውስጥም ምንም ለማይተው፣ ሰብሳቢው ብዙ ሊያደርግ አይችልም። ነገር ግን እንደ ካሊፎርኒያ ባሉ ግዛቶች ከግዛቱ ውጭ የተቆየበት ጊዜ ከይርጋው ላይቆጠር ስለሚችል፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመልሶ ሥራ የሚጀምር ሰው ያለፈ የመሰለው ዕዳ ሕያው ሆኖ ሊጠብቀው ይችላል።

ዕዳው ከተዘጋ በኋላ የሚቀር ሥራ

ዕዳው በየትኛውም መንገድ ቢዘጋ፣ የስምምነቱ ደብዳቤ፣ የክፍያው ማረጋገጫና ፍርድ ቤት ከነበረ የመዝገቡ መዘጋት ወረቀት ሊጣሉ አይገባም። አንድ ጊዜ የተዘጋ ዕዳ በስህተት ወይም በቸልተኝነት በድጋሚ ተሽጦ ከዓመታት በኋላ በሌላ ኩባንያ ስም ሲመጣ ታይቷል፤ ያኔ የመጀመሪያው ሰብሳቢ ድርጅት ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል ማስረጃው ከባለዕዳው መሳቢያ በቀር የትም አይገኝም። ክፍያው ከተፈጸመ ሁለት ወር ገደማ በኋላ የሦስቱን የክሬዲት ቢሮዎች፣ የኢኩፋክስን፣ የኤክስፒሪያንንና የትራንስዩኒየንን፣ ሪፖርት በነፃ አውጥቶ፣ ሒሳቡ ቀሪ ዜሮ ተብሎ መመዝገቡንና መጀመሪያ የተቋረጠበት ቀን አለመለወጡን ማየት ይገባል። ቀኑ ወደፊት ተገፍቶ ከተገኘ በዚያው ሪፖርት ላይ በጽሑፍ መቃወም ይቻላል፤ የክሬዲት ቢሮውም በአብዛኛው በ30 ቀን ውስጥ መርምሮ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት።